ጓሮውን አደራ፦ የአእምሮ ሕክምና ለምትጀምሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ጎጃም ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩት አንድ አደራ አለኝ፤ ታካሚያችሁ ከመድኃኒቱ ጎን ጓሮም ይኑረው።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1796 የኩዌከር እምነት ተከታዩ ዊልያም ቱክ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ላይ "ሪትሪት" የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ቤት ከፈተ። ያኔ የአእምሮ ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰር የተለመደ ነበር። እዚያ ግን ታካሚዎች አትክልት ይኮተኩቱ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ጥንቸልና ዶሮ ነበራቸው። በ1812 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ፣ እንጨት የሚፈልጡና አትክልት ቦታ የሚቆፍሩ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ እንደሚሻላቸው ጻፈ። በማዕረጋቸው ምክንያት ሥራ የማይነኩት ግን ዕድሜያቸውን እዚያው ሆስፒታል ይጨርሳሉ አለ።

ኋላ ነገሩ ተበላሸ። ሆስፒታሎቹ ሰፉ፤ እርሻቸውም ሰፋ። ታካሚው ደመወዝ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለተቋሙ የሚሠራ ታካሚ እንዲከፈለው ወሰነ። ትክክል ነበር። ስለዚህ ጋብዙ እንጂ አትዘዙ። "ዛሬ አልፈልግም" ያለ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ማየቱም ይበቃል።

የእኛ አገር ታካሚ አብዛኛው ገበሬ መሆኑንም አትርሱ። አንድ ጊዜ የጎመን ችግኝ ስተክል አንድ ጎልማሳ ታካሚ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። "ሲስተር፣ አጠጋግተሽው የለ እንዴ! አራርቂው እንጂ፣ ይተናነቃል" አለኝ። መኮትኮቻውን ከእጄ ወስዶ መደቡን እንደገና አስተካከለው። እኔም ችግኝ አቀባይ ሆንኩ። ዋርድ ውስጥ ሁሌ የሚታዘዘው እሱ ነበር፤ እዚህ ግን አዋቂው እሱ ነው። ለእኔ የጓሮ ትልቁ ጉልበት ይኼ ነው።

ጥንቃቄውንም ልንገራችሁ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው ለፀሐይ ስስ ይሆናል፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ጠዋት በጊዜ ውጡ፤ ባርኔጣ አይጥፋ። የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሆነውን ሊቲየም የሚወስደው ውኃ እንዳይጠማው ተከታተሉ። ዶማና መኮትኮቻ ቆጥራችሁ ስጡ፤ ቆጥራችሁ ተረከቡ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ላለው ሰው ስለት አትስጡ፤ ውኃ ያጠጣ።

በጀት እስኪመጣ አትጠብቁ። በግንቦት መጨረሻ ሁለት መደብ ቆፍሩ፤ ክረምቱ ሲገባ ጎመንና ጌሾ ትከሉ። ምን እንደሚተከል ግን መጀመሪያ ታካሚዎቹን ጠይቁ።