ያላሸነፈበትን ቀን እዩለት

ለወጣት አሰልጣኞችና ለብስክሌት አፍቃሪ ልጆቼ፦

«ይሄ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል ወይ?» ስትሉኝ አብዛኛውን ጊዜ ቀድማችሁ የምታሳዩኝ የዋት (የጉልበት መለኪያ) ቁጥር ነው። ቁጥሩን አልንቅም። ዳገት ላይ በኪሎ ስንት ዋት እንደሚያወጣ ሳያውቁ ስለ ተወዳዳሪ መተንበይ ዘበት ነው። ግን በእኛ ደጋ፣ ከመቀሌ እስከ አስመራ፣ ሳንባ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጎድለን ሌላ ነው።

እኔ ተወዳዳሪን የምመዝነው ባላሸነፈበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. የ2024ቱን ቱር ደ ፍራንስ፣ የሦስት ሳምንቱን የፈረንሳይ ውድድር፣ አስታውሱ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት ዕለታዊ ውድድሮችን አሸነፈ። ቤልጂየማዊው ያስፐር ፊሊፕሰንም እንዲሁ ሦስት። ኒስ ላይ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ የጨረሰው ግን ቢንያም ነው። ነጥቡ ከየት መጣ? በዚያ ዓመት ሜዳማ ውድድር ያሸነፈ 50 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ መንገድ መሀል በሚደረገው ስፕሪንት (የአጭር ርቀት የፍጥነት ፍልሚያ) ደግሞ አንደኛው 20 ይወስድና እስከ 15ኛ ለወጣው ጥቂት ጥቂት ይደርሰው ነበር። ውድድሩ ገና ግማሽ ሳይሆን፣ ማንም ልብ በማይልበት ቦታ፣ ለዚያች ጥቂት ነጥብ ራሱን የሚያስጨንቅ ልጅ ካያችሁ ስሙን ጻፉት። (እርግጥ ፊሊፕሰንን በ6ኛው ቀን ዳኞች መስመር ሳተ ብለው ወደ ኋላ መጣላቸው ጎድቶታል። እሱንም አለመናገር ሚዛን ማጉደል ነው።)

በዚያው ቱር በ16ኛው ቀን ኒም ሊገቡ ሲሉ ቢንያም ወደቀ። ቁስሉ ተሰፍቶ በማግስቱ ኮርቻው ላይ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ 2,802 ሜትር ከፍታ ያለውን የቦኔትን ተራራ ከሰዓት ገደቡ ሳያልፍ መሻገር ነበረበት። ለስፕሪንተር እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ዋንጫ የለም፤ ያለው ሰዓት ብቻ ነው፤ ከገደቡ ያለፈ ከውድድሩ ይወጣል። ኋላ ከቀሩት ጋር ተጠግቶ ይወጣል ወይስ ተነጥሎ ይሟሟታል? እየደከመውም ይበላል፣ ይጠጣል? የልጁ ማንነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ2025ቱ ቱር ቢንያም በመጀመሪያው ቀን ሊል ላይ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ሳያሸንፍ ቱሩ አለቀ። «አለቀለት» ለማለት የቸኮለ አልጠፋም። በ2023ም ቱር ላይ ሳያሸንፍ ነበር የተመለሰው፤ የሆነውን በቀጣዩ ዓመት አያችሁ።

ሌላው መመዘኛ በብዙ ተወዳዳሪ መሀል ፊት ላይ ቦታ መያዝ ነው፤ ይሄ የእኛ ልጆች እውነተኛ ፈተና ነው። በ2022 ቢንያም ቤልጂየም ውስጥ ጌንት ቬቨልገም የተባለውን የአንድ ቀን ውድድር ሲያሸንፍ ያየነው የመጨረሻዋን ስፕሪንት ነው። ከእሷ በፊት ግን ኬመልበርግ የሚባል ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ አቀበት አለ። ያን አቀበት 60ኛ ሆኖ የጀመረ ሰው ፊት ያሉት ሲያመልጡ እንኳ አያይም፤ ጉልበቱ ቢተርፍም ምን ያደርግለታል? በእኛ ውድድሮች ተወዳዳሪው ትንሽ፣ መንገዱም ሰፊ ስለሆነ ጠንካራው ልጅ ሳይታገል ፊት ይገኛል። አውሮፓ ሲሄድ ከመቶ በላይ ሰው መሀል ይገባና ኋላ ይቀራል፤ እኛም «እግር የለውም» እንላለን። እግርማ አለው። ስለዚህ ዳገቱን ለጊዜው ተዉትና ጠባብ መንገድ ፈልጋችሁ፣ ክርን ለክርን እየተነካኩ ፍሬን ሳይዙ መታጠፍ አለማምዷቸው።