ሲስተም አድሚን (የመሥሪያ ቤት ሰርቨርና ኔትወርክ ጠባቂ) ለመሆን ለምታመለክቱ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን አንዱ "ጋሼ፣ ማስታወቂያው ሁሉ 2 ዓመት ልምድ ይላል። ልምዱን ማን ሊሰጠኝ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እሁድ ሪፖርተር ጋዜጣን ብትገልጡ ባንኩም ኢንሹራንሱም የሚፈልገው የሠራ ሰው ነው። ዘመድ ያለው ይቀድማል የሚባለውም ሐሜት ብቻ አይደለም፤ አይቼዋለሁ። ግን ይህ ወንበር ላይ ዘመድ ብዙ አያቆይም። ሰርቨር፣ ቢሮውን ሁሉ የሚያገለግለው ኮምፒውተር፣ ሲወድቅ የማን ልጅ እንደሆናችሁ አይጠይቅም።

እኔ ለዓመታት ፈታኞቹ ጎን ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ሲቪ ላይ የሶፍትዌር ስም አትደርድሩ። የጻፋችሁትን ነው አንስቼ የምጠይቀው። "ሊኑክስ ሰርቨሩ ዲስኩ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋለህ?" ስል ብዙው "አጠፋለሁ" ይለኛል። ምኑን? ጎበዙ መጀመሪያ የቱ ፎልደር እንዳበጠ ያያል። ብዙ ጊዜ ሎግ፣ ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ሆኖ ያገኘዋል። ሎጉ ለምን እንዲህ እንደበዛ ሳያጣራ እጁን አይሰድም።

የምወዳት ጥያቄ ግን ሌላ ናት። "ከሒሳብ ክፍል ኢንተርኔት የለም ተብሎ ተደወለ። ቀጥል።" ሪስታርት አደርገዋለሁ የሚለው ይበዛል። አልፈርድበትም፣ እኛም ስናደርገው ነው የኖርነው። እኔ የምፈልገው ግን መልሶ የሚጠይቀኝን ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ ቢሮው በሙሉ? ከዚያ አይፒውን፣ የማሽኑን የኔትወርክ አድራሻ፣ ያያል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ አድራሻ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ አድራሻ አላገኘም፤ ኬብሉና ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ይታይ። በቁጥር ፒንግ ሲደረግ (አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ) እየመለሰ በስም እንቢ ካለ ነገሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ብሮውዘሩ የሰርተፍኬት (የድረ ገጽ ማንነት ማረጋገጫ) ስህተት ካወጣስ? ሰዓቱን እዩ፤ ሰርተፍኬቱ የሚጸናበት ቀን አለው። በአሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኛውን መግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚቆጣጠረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ባለበት ቢሮ ደግሞ ሰዓቱ ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ መግባት ራሱ ሊከለከል ይችላል። ምክንያቷ ሳንቲም የምታክል ባትሪ! እዚህ ድረስ የመጣ ልጅ ካገኘሁ ልምዱ ስንት ዓመት ነው አልልም።

ልምዱን ቤታችሁ ጀምሩት። 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከተገኘ ይበቃል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዲሠራ የሚያደርገው ቨርቹዋልቦክስ በነፃ ነው። ሁለት ሊኑክስ ጫኑ፤ አንዱ ላይ ዲኤንኤስና ዌብ ሰርቨር አቁሙ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያዙ፣ ማሽኑን ደምስሱ፣ ከባክአፑ መልሱ። ባክአፕ አለን የሚሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሞክሮ የመለሰው ግን ጥቂት ነው። የሠራችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዲኤንኤሷ ለምን እንደቆመ ሁለት ገጽ ጽፋለች፣ የመጀመሪያ ግምቷ ስህተት እንደነበር ጭምር። የቀሩትን ጥያቄዎች ተውኳቸው።

የሙያ ሰርተፍኬት ጥሩ ነው። ከሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፍኬት ከሲሲኤንኤ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሬድ ሃቱን የሊኑክስ ሰርተፍኬት አርኤችሲኤስኤን እመርጣለሁ፤ ፈተናው ምርጫ ማክበብ ሳይሆን ማሽን ላይ ሠርቶ ማሳየት ነው። ክፍያው ግን በዶላር ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ብድር ውስጥ አትግቡ። ሄልፕ ዴስክንም (ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው የሚደውልበትን ክፍል) አትናቁ። ፕሪንተር ማስተካከል ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የቢሮውን ሰውና ኔትወርክ የምታውቁት እዚያ ነው፤ የሰርቨር ክፍሉ ቦታ ሲከፈትም ቀድሞ ትዝ የሚለው ያ ልጅ ነው።

የማታውቁትን ስትጠየቁ "አላውቅም፣ ግን እዚህ ጋ ነው የምፈልገው" በሉ። ቀባጣሪ ሰው የሰርቨር ፓስወርድ ሲይዝ ያስፈራኛል።

መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አላችሁ?" ስትባሉ ዝም አትበሉ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ ይይዛል? ጄኔሬተሩን ማን ያስነሳል? ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተሞክሮ የተመለሰው መቼ ነው? ፈታኞቹ መልሱ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ከተያዩ ደሞዙን ከፍ አድርጋችሁ ተደራደሩ።