ውሻና ድመት ላለበት ቤት ሮቦት ቫኪዩም ስለመምረጥ

ውድ ጠያቂያችን፣ አንድ ጸጉራም ውሻና ሁለት ድመቶች እንዳሉዎት፣ የቤትዎም ወለል ከፊሉ ሴራሚክ ከፊሉ ምንጣፍ እንደሆነ ገልጸው፣ የመሳብ ኃይሉ 8,000 ፓስካል ሆኖ ሮለሩ እንደ ልብስ ብሩሽ ጭራ ያለውን ሮቦት ቫኪዩም ልግዛ ወይስ 5,000 ፓስካል ሆኖ ሮለሩ ጎማ የሆነውን ብለው ጠይቀዋል። ሮቦት ቫኪዩም በራሱ እየተዘዋወረ ወለል የሚጠርግ ማሽን ሲሆን፣ ሮለሩ ደግሞ ከማሽኑ ሆድ ሥር እየተሽከረከረ ቆሻሻ የሚያነሳው ዘንግ ነው። እኔ ረጅም ጸጉር ካላት ውሻና ከአንድ ድመት ጋር በምኖርበት ቤት ውስጥ ባለፉት አምስት ዓመታት ሦስት ሮቦቶችን ተጠቅሜያለሁና መልሴ የጎማውን ይምረጡ የሚል ነው። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

በሳጥኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው የፓስካል ቁጥር ሞተሩ የሚፈጥረውን የአየር ግፊት ልዩነት የሚገልጽ እንጂ ከወለሉ ላይ ስንት ጸጉር እንደሚነሳ የሚናገር አይደለም። ቁጥሩም የከፍተኛው የኃይል ደረጃ ቁጥር ነው፤ በዚያ ደረጃ ሲሠራ ግን ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅና ድምፁም ስለሚያይል፣ በየዕለቱ የምንጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ባለው ደረጃ ነው። ጸጉር ቀላል ነገር በመሆኑ ከሴራሚክ ላይ ለማንሳት ብርቱ ኃይል አይጠይቅም። ምንጣፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ከምንጣፉ ክር ጋር ስለሚቆላለፍ ከተጣበቀበት ፈልቅቆ የሚያወጣው ሮለሩ ነው፤ የአየሩ ድርሻ የተፈለቀቀውን መውሰድ ነው። ኃይል ጨርሶ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ወፍራም ምንጣፍ ውስጥ የሰረገውን ደቃቅ አሸዋ ለማውጣት በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ሮለሩ በጸጉር ታንቆ ከቆመ ባለ 8,000ውም ባለ 5,000ውም አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው ማሽኔ ባለጭራ ነበር። በየሦስት ቀኑ ገልብጬ ሳየው የውሻዬ ጸጉር እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞበት ጭራው ጨርሶ አይታይም ነበር፤ የመቀሱን ጫፍ ከጸጉሩ ሥር እያስገባሁ ከዳር እስከ ዳር ስቆርጥና በጣቴ ስነቅል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። ይህን ሁሉ ሳደርግ ግን ሮለሩ በሚዞርበት ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ አይቻት አላውቅም። ጸጉር ወደ እርሷ እየሰረገ፣ እየጠበቀና እየደደረ ሄዶ፣ አንድ ቀን ማሽኑ በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ስፈታው በኩሽኔታዋ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ በሰበቃው ሙቀት ለስልሶ ቅርጹን አጥቶ አገኘሁት። የአሁኑ ማሽኔ ባለጎማ ነው። ጎማውም ቢሆን ከጸጉር ነጻ አይደለም፤ ሆኖም ጸጉሩ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየተንሸራተተ ይሰበሰብና እንደ ቀለበት በእጅ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑን ገልብጠው ሮለሩ ያለ መፍቻ መውጣቱን፣ የጫፉም ክዳን በእጅ መነቀሉን ይሞክሩ። ከፊት ያለችውን ትንሽ መንኮራኩርም ስበው ያውጧት፤ ጸጉር በዘንጓ ላይ ሲጠመጠም መዞሯን ታቆምና ወለሉን እየጫረች ትጎተታለች።

በጥያቄዎ ውስጥ ያላነሱት፣ ለእኔ ግን ከሮለሩ የማይተናነስ ጉዳይ፣ ማሽኑ ወለል ላይ ያለ ነገርን ለይቶ የማለፍ ችሎታው ነው። ሁለተኛው ማሽኔ ቤቱን በሌዘር የሚለካ፣ ካርታውንም አሳምሮ የሚስል ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንዲጠርግ አዝዤው በተኛሁበት፣ ውሻዬ ሆዷን አሟት ኖሮ ሳሎን ውስጥ ተጸዳድታ፣ ሮቦቱ በዚያ ላይ እየተመላለሰ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በር ድረስ አዳረሰው። ምንጣፉን ሁለት ጊዜ አጥቤ ሽታው አልለቀቀም፤ የማሽኑንም ሆድ በጥርስ ብሩሽ ሳጸዳ ዋልሁ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አናቱ ላይ የሚዞረው ሌዘር የሚያየው በራሱ ቁመት ልክ ያለውን ግድግዳና ዕቃ ነው፤ ከእርሱ በታች የተኛውን ነገር አያይም። ይህን የሚያየው ከፊት የተገጠመ ካሜራ ወይም ሌላ የፊት ሴንሰር ሲሆን፣ ያየውን ነገር ምንነት የሚለይ ሶፍትዌርም ያስፈልገዋል። አይሮቦት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ጄ7 ፕላስ የተሰኘውን ሞዴል ሲያወጣ፣ ማሽኑ የእንስሳ ዓይነ ምድርን ሳይሸሽ ቢቀር በሌላ እንደሚተካ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ግን ጠጣር የሆነውን ብቻ የሚመለከት ነበር። ሽንትን ወይም ተቅማጥን ግን ለማሽኑ አምነው አይተዉት። እኔ አሁን ባለካሜራ ይዤም ቢሆን የማስጠርገው በቀን፣ ወለሉን አንድ ጊዜ በዓይኔ ከቃኘሁ በኋላ ነው። የውኃ ሳህናቸው ያለበትንም ቦታ በካርታው ላይ የተከለከለ ክልል አድርጌዋለሁ።

የማሽኑ የራሱ የቆሻሻ መያዣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም፤ ጸጉር ደግሞ ክብደት ሳይኖረው ቦታ ስለሚይዝ ሦስት እንስሳት ባሉበት ቤት አንድ ዙር ሳይጨርስ ይሞላል። ስለዚህ አቅምዎ ከፈቀደ ቻርጅ ወደሚደረግበት ማቆሚያ ሲመለስ ቆሻሻውን ወደ ትልቅ ከረጢት የሚያራግፈውን ዓይነት ይግዙ። ሁለት ነገር ግን ይወቁ፦ ረጅም ጸጉር በማራገፊያው ጉሮሮ ላይ ተቋጥሮ ሊዘጋው ስለሚችል በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ሲያራግፍም የሚያሰማው ድምፅ ድንገተኛና ብርቱ ነው። ድመቴ በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ ሥር ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም፤ ማሽኑን ለጥቂት ቀናት ሳላስነሳ እንድታሸትተው ብተውላት ኖሮ ያን ያህል ባልደነገጠች።

በቤትዎ የድመት አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ችግሩ የሚመጣው በዋናነት ከምራቅና ከቆዳ በሚወጣ ፕሮቲን እንጂ ከጸጉሩ ስላልሆነ የማጣሪያው ጥራት ትልቅ ቦታ አለው፤ መያዣውንም አለርጂ የሌለበት ሰው ያራግፈው። የሚታጠብ ማጣሪያ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይመልሱት። መወልወያ ጨርቅ ያለውን ካሰቡ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ሲደርስ ጨርቁን ወደ ላይ የሚያነሳ መሆኑን ያረጋግጡ።

በመጨረሻም ሮለሩ፣ የጎን ብሩሹ፣ ማጣሪያውና ከረጢቱ ለብቻቸው የሚሸጡ መሆናቸውን ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በእንስሳት ቤት እነዚህ ቶሎ ያልቃሉ። ሁለተኛው ማሽኔ ሞተሩም ባትሪውም እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ ሮለሩን የሚተካ ዕቃ አጥቼለት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።