አፈር ንብረት አለው ወይ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ሥራው ጂአይኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ካርታ ሥርዓት የአፈርን ‘ፕሮፐርቲስ’ በካርታ ማሳየትና መተንተን ነው። አጠቃሎውን (አብስትራክቱን) በአማርኛ ስጽፍ ‘የአፈር ንብረቶች’ አልኩ። አማካሪዬ ‘ባህሪያት’ ብለው አረሙኝ። የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ‘ፀባያት’ ይሻላል ትላለች። የቱ ነው ትክክሉ? ጂአይኤስንስ በአማርኛ ምን ልበለው?» አጠቃሎውንና ሁለት ካርታዎችን አያይዘው ልከውልኛል።

መልሱን አላቆይብዎትም። አማካሪዎ ልክ ናቸው። «የአፈር ባሕርያት» ይበሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ንብረት የሚለውን ቃል በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይቆጣል። «የውሃ ንብረቶች»፣ «የብረት ንብረቶች»፣ አሁን ደግሞ «የአፈር ንብረቶች»። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይመጣለታል? ቤት፣ ከብት፣ ገንዘብ። ንብረት ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ሰው ሲጣላ ይካፈለዋል። አፈር የሰው ንብረት ይሆናል እንጂ የራሱ ንብረት የለውም። ስህተቱ ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው። እንግሊዝኛ የሰውን ሀብትም ሆነ የአንድን ነገር መለያ «ፕሮፐርቲ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ሁለቱም ፍቺዎች «ፕሮፕሪዩስ» ወደሚል የላቲን ቃል ይመለሳሉ፤ «የራስ፣ የግል» ማለት ነው። በአማርኛ ሁለቱ ሐሳቦች የየራሳቸው ቃል አላቸው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገለጠና መጀመሪያ ያየውን አነሣ።

እዚህ ላይ የሚሟገቱኝ አሉ። ሙግታቸውም ቀላል አይደለም። «ንብረት የወጣው ከነበረ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ንብረትም አቀማመጥ፣ አኗኗር፣ ሁኔታ ነበር። «ታዲያ የአፈር ንብረት ማለት የአፈር ሁኔታ ማለት ነው፤ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?» ይሉኛል። በሥርወ ቃል ከመጡብኝ አልረታቸውም። ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። ግእዙ ያን ማለቱ ለዛሬ አንባቢ ምንም አይጠቅመውም። ዛሬ «ንብረት አፈራ» ሲባል ስለ አቀማመጥ የሚያስብ ሰው የለም።

ወደ ባሕርይ እንምጣ። ይህ ቃል በግእዝ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው ዕንቁ ነው፤ ከባሕር የሚወጣው። ሁለተኛው የአንድ ነገር ህላዌ ነው፤ ያ ነገር ያንን ነገር የሆነበት። ዕንቁና ህላዌ ምን አገናኛቸው? ዐረብኛውን ስናይ ነገሩ ብርቅ እንዳልሆነ እንረዳለን። እነሱም «ጀውሀር» ሲሉ ዕንቁም ነው፣ ህላዌም ነው። ለእኔ ይህ ዝምድና በጣም ይጥመኛል። ዕንቁ ላይ ላዩን አይገኝም። የነገር ባሕርይም እንደዚያው ነው፤ ካልቆፈሩ አይወጣም።

የቀድሞ መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ሲሉ፣ ሦስቱን ለነፍስ፣ አራቱን ለሥጋ ይሰጣሉ። አራቱ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። ልብ ይበሉ፤ መሬት ራሱ ባሕርይ ነው። ያ «መሬት» ደግሞ ዛሬ አፈር የምንለው ነው። የግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት «መሬት አንተ ወውስተ መሬት ትገብእ» ያለውን አማርኛው «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህና» አለው። እርስዎ በሙያዎ የሚያውቁትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደህና የሚባል የላይኛው አፈር፣ በይዘቱ ሲታይ፣ 45 በመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 5 በመቶ ያህሉ ብስባሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ውሃና አየር ይካፈሉታል። ከአራቱ ሦስቱ እዚያው እፍኝ አፈር ውስጥ አሉ።

የጓደኛዎን ቃል ደግሞ እንየው። በመጀመሪያ «ፀባይ» አይደለም፤ ጠባይ ነው። ግእዙ ጠባይዕ ይለዋል። ወደ ግእዝ የገባው ከዐረብኛ ሲሆን፣ እዚያ «ጠቢዓ» ነጠላ፣ «ጠባኢዕ» ብዙ ነው። ቃሉ ሲመጣ ብዙ ቁጥር ሆኖ ነው የመጣው ማለት ነው። «ጠባያት» ስንል የበዛውን እንደገና እናበዛዋለን፤ ልክ «ሊቃውንቶች» እንደሚሉት። ይህን ዛሬ ማንም አይሰማውም፤ «ጠባዮች» ቢሉ አልከፋም። «ፀባይ»ም በአነጋገር ተስፋፍቷል። በጽሑፍ ግን እባክዎ ጠባይን አይልቀቁ።

የሁለቱ ቃላት ልዩነት ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ሰው ጠባዩን ያርማል። የልጅ ጠባይ ይበላሻል፣ ይስተካከላል። ባሕርዩን አረመ ግን አንልም። የዐረብ ሊቃውንት «አራቱ ጠባይዕ» ሲሉ የሚቆጥሩት ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ድርቀትንና እርጥበትን ነው። የእኛ መምህራን ባሕርያት ያሏቸው ደግሞ መሬትን፣ ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን ነው። አንዱ ሁኔታውን ይቆጥራል፣ ሌላው መሠረቱን።

ይህ ለካርታ ሠሪ እንዴት ያለ ጥቅም እንዳለው ይመልከቱ። ጥቂት አፈር ውሃ አስነክተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይሹት። አሸዋው ይሻክራል። ደለሉ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። ሸክላው ይጣበቃል፤ ሲጫኑት እንደ ጥብጣብ ይረዝማል። የሦስቱ ድርሻ በሰው ዕድሜ ብዙም የማይለወጥ ነገር ነው። ዘንድሮ የሠሩት የሸክላ መጠን ካርታ ከ20 ዓመት በኋላም ያገለግላል። ይህ ባሕርይ ነው። እርጥበቱ ግን ዝናብ ሲጥል ሌላ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ። የንጥረ ነገሩ መጠን በአዝመራና በማዳበሪያ ይወጣል፣ ይወርዳል። አሲዳማነቱ በኖራ ይታከማል፤ «ይታከማል» የሚለውን ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው የሚሉት። ይህ ጠባይ ነው። የባሕርይ ካርታ ዓመተ ምሕረት ባይጻፍበት ጉዳቱ ትንሽ ነው። የጠባይ ካርታ ያለ ቀን ምንም ነው። የአፈር ተመራማሪዎችም ይህን ልዩነት ያውቁታል፤ አብሮ የተፈጠረውንና በአያያዝ የሚለወጠውን ለይተው ነው የሚያጠኑት። አማርኛ ለሁለቱም የተዘጋጀ ቃል እያለው ለምን ይደባለቃሉ?

ለዓመታት ይህን ስል ቆይቻለሁ። የተቀበለኝ የለም። ሁሉም «ባህሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ለማይለወጠውም፣ ለሚለወጠውም። መጨረሻው ላይ ያለችው «ይ» እንኳ ወድቃለች። የሰውን አመል ሳይቀር «ባህሪ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል። እንግዲህ አጠቃቀሙ ሄዷል፤ ብቻዬን ልመልሰው አልችልም። ለዚህ ነው «የአፈር ባሕርያት» ይበሉ ያልኩዎት። ቢቻልዎ ግን በውስጥ ገጾች ሁለቱን ይለዩልኝ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። በላኩልኝ የመጀመሪያው ካርታ፣ በቀለም መግለጫው ላይ፣ ቡናማው ቀለም «ለም አፈር» ይላል። እንግሊዝኛው «ሎም» የሚለው እንደሆነ ገባኝ። ብዙዎች እንዲህ ይተረጉሙታል፤ ድምፁም ስለሚቀራረብ ያሳስታል። ሁለቱ ግን አይዛመዱም። «ሎም» ከጥንት እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ሸክላ፣ ጭቃ ማለት ነበር። ዛሬ የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ተመጣጣኝ ድብልቅ ማለት ነው፤ የቅንጣት መጠን እንጂ የምርታማነት ስም አይደለም። «ለም» ደግሞ የ«ለማ» ወገን ነው፤ ልማትም ከዚያው ነው። ሁለተኛውን ካርታዎን፣ የብስባሹን፣ አጠገቡ ሳስቀምጠው ያ «ለም» የተባለው ቦታ ብስባሹ በጣም ትንሽ ነው። ካርታዎቹ እርስ በርስ የሚካሰሱ መሰለኝ። ጥፋቱ የትንተናው ሳይሆን የስሙ ነው። «ቅይጥ አፈር» ቢሉት ይሻላል። «ሎም አፈር» ብለው ቢተዉትም አልቃወምም።

ጂአይኤስን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት» ብለው ይጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ ጂአይኤስ ይበቃል። «ጂኦግራፊያዊ» የሚሉ አሉ፤ ስህተት አይደለም። የግሪኩ ቃል ግን «ምድርን መጻፍ» ማለት ነው፤ የእኛው መልክዓ ምድር የምድርን መልክ ይላል። ካርታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስም አላውቅም። ሥርዓቱ ሲወለድም ከአፈር አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮጀር ቶምሊንሰን በካናዳ ሲጀምረው፣ መነሻው የአገሪቱን መሬት ለእርሻ፣ ለደንና ለዱር እንስሳት ያለውን አቅም መመዝገብ ነበር።

«የአፈር ካርታ» ማለትዎም መልካም ነው። «የመሬት ካርታ» ቢሉ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ይመስለዋል። ካርታ የጣሊያንኛ እንግዳ ይምሰል እንጂ ዘመዱ ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። የግእዙ ክርታስ እና ካርታ ሁለቱም «ኻርቴስ» ከሚል ከአንድ የግሪክ ቃል የወጡ ናቸው፤ የመጻፊያ ቅጠል ማለት ነው።

የመጨረሻው ስለ አንድ ግስ ነው። በአጠቃሎዎ ሦስተኛ መስመር ላይ «በክሪጊንግ ዘዴ የአካባቢው አፈር አሲዳማነት በሙሉ ተለክቷል» ይላል። ክሪጊንግን አይተርጉሙት፤ ከደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ከዳኒ ክሪግ ስም የመጣ ነው። «ተለክቷል» ግን ይውጣ። የለኩት ጉድጓድ ቆፍረው ናሙና ያነሡባቸውን ነጥቦች ብቻ ነው። በመሃላቸው ያለውን ዘዴው ከጎረቤት ነጥቦች ተነሥቶ ገምቶታል፤ የግምቱን ስህተትም አብሮ ይሰጥዎታል። መረጃ የሚለው ቃል የ«ተረዳ» ልጅ ነው፤ ሄደ መሄጃ፣ ወረደ መውረጃ እንደሚል። ነገሩን የምንረዳበት ማለት ነው። አንባቢው የትኛው ቀለም ከልኬት፣ የትኛው ከግምት እንደመጣ ካልተነገረው በምን ይረዳል? ስለዚህ መስመሩን እንዲህ ያድርጉት፦ «አሲዳማነቱ በናሙና ነጥቦች ተለክቷል፤ በመካከላቸው ያለው በክሪጊንግ ተገምቷል።»