ጉበቱን ያበላሸው ተክሉ ነው ወይስ ኩባያው?

ጥያቄ፦ ለማስተርስ መመረቂያዬ አንድ የባህል መድኃኒት ተክል የአይጥ ጉበት ይጎዳ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። ስላይዱን (መስታወት ላይ የተለጠፈውን ስስ የጉበት ቁራጭ) በማይክሮስኮፕ ሳየው ጠርዙ ቆንጆ ነው፤ መሃሉ ግን ገርጥቷል፣ በየሴሉ ውስጥ ያሉት ኒውክለሶችም አይለዩም። እዚህም እዚያም ቡናማና ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ጉበቱን ሳልቆራርጥ በሽንት ኩባያ ውስጥ ከትቼ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን የፎርማልዴሃይድ ፈሳሽ) ሞላሁበት። ፎርማሊኑን የበጠበጥኩት በቧንቧ ውሃ ነው። አማካሪዬ የመርዝ ጉዳት ይመስላል አሉኝ። እውነት ተክሉ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትጻፊ። መጀመሪያ ተክሉን ያልወሰዱትን የኮንትሮል አይጦች ስላይድ አውጥተሽ እይ። የእነሱም መሃል ከገረጣ፣ ይሄኛው ብልሽት ከተክሉ የመጣ አይደለም። ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት፣ ጉበቱ የተበላሸው እንስሳው ከሞተ በኋላ፣ ኩባያው ውስጥ ነው።

እንስሳው ሲሞት በሴሎቹ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ አያቆሙም። ሴሉን ራሱን መፍጨት ይጀምራሉ። ጉበት ደግሞ በኢንዛይም የተሞላ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። ይህን የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው፤ እሱም የሚያስቆመው ሲደርስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሚሊሜትር ያህል ይገባል። ከዚያ ጉዞው እየዘገየ ይሄዳል፤ እጥፍ ጥልቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ ጉበት ተጣጥፎ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ሲገባ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ፎርማሊን አያገኝም። የፎርማሊኑም መጠን አንሷል። ፈሳሹ የሥጋውን 20 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ10 እጥፍ በታች ግን አይውረድ። የአንድ አዋቂ አይጥ ጉበት 10 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ 200 ሚሊሊትር ያስፈልገዋል። የሽንት ኩባያ ይህን አይችልም።

እውነተኛ የመርዝ ጉዳትስ በምን ይለያል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መርዝ የጉበቱን የውስጥ አሠራር ተከትሎ ይጎዳል። ካርቦን ቴትራክሎራይድን ወይም ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞልን ውሰጂ። ሁለቱም ወደ መርዝነት የሚለወጡት በጉበቱ ኢንዛይሞች ነው። ጉበት የብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስብስብ ነው፤ በየክፍሉ መሃል ማዕከላዊ ደም ሥር የሚባል አለ። እነዚያ ኢንዛይሞች ደግሞ በብዛት ያሉት በዚህ ደም ሥር ዙሪያ ነው። ስለዚህ የሞቱ ሴሎችን የምታገኚው በየማዕከላዊው ደም ሥር ዙሪያ ነው፤ በስላይዱ ጠርዝም ሆነ በመሃሉ ያው ነው። ኩባያ ውስጥ የተበላሸ ጉበት ግን ይህን ሥርዓት አያውቅም። ከላይኛው ገጽ በራቅሽ ቁጥር እየባሰ ይሄዳል። ሌላም ምልክት አለ። እንስሳው ከተጎዳ በኋላ አንድ ቀን ያህል በሕይወት ከቆየ፣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ሞተው ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሞተ በኋላ በተበላሸ ሥጋ ዙሪያ የሚሰበሰብ የለም።

ነጠብጣቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎርማሊን ሲቆይ ፎርሚክ አሲድ ይፈጠርበታል። አሲዱን የሚያረግብ ጨው ካልገባበት፣ ከደሙ ሄሞግሎቢን ጋር ተገናኝቶ ያን ቡናማ ጥቁር ቅንጣት ይሠራል። አተኩረሽ ካየሽው ደም በበዛበት ይበዛል፤ ከሴሉ ውስጥ ሳይሆን ከላዩ የተቀመጠ ይመስላል። ጉበቱ የተደፈነበት ሰም ከስላይዱ ከለቀቀ በኋላ፣ ቀለም ከመግባቱ በፊት፣ ስላይዱን በአልኮል በተዘጋጀ የፒክሪክ አሲድ ሙሌት ውስጥ ብትነክሪው ይለቃል። ከዚያ በሚፈስ ውሃ በደንብ እጠቢው። ግን አደራ! ፒክሪክ አሲድ ከደረቀ ይፈነዳል። ጠርሙሱ አፍ ላይ ደርቆ ካየሽው አትንኪው፤ ለላብራቶሪው ኃላፊ ንገሪ።

ለሚቀጥለው ፎርማሊኑን እንዲህ አዘጋጂ። ለአንድ ሊትር፣ 100 ሚሊሊትር ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ያለውን ፎርማሊን ከ900 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅዪ። 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሞኖሃይድሬትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ጨምሪበት። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ወደ 7 ይጠጋል። ጓንት አድርጊ፤ ጭስ መሳቢያው ሥር ሥሪ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው። ፌርዲናንድ ብሉም በ1893 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት ውስጥ ለጀርም መግደያነት ሲሞክረው የጣቶቹ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው። ሥጋን ለማቆየት እንደሚሆን የታወቀው እንደዚያ ነው። አንቺ ግን በጣትሽ አትሞክሪው።

ጉበቱን እንዳወጣሽ ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ለቅለቅ አድርጊው። በአዲስ ምላጭ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ቁረጪ። በመቀስ አትጭመቂው፤ የተጨመቀ ቦታ በማይክሮስኮፕ ሌላ በሽታ ይመስላል። በእቃው ውስጥ፣ ከጉበቱ ሥር ቁራጭ ፋሻ አንጥፊ፤ ፎርማሊኑ ከታችም ይግባ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት በክፍል ሙቀት ይቆይ። ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ፤ በረዶው ሴሉን ይበሳዋል።

ያሉሽን ብሎኮች (በሰም የተደፈኑትን የጉበት ቁራጮች) በተመለከተ፣ የተበላሸውን መሃል የሚመልስ ኬሚካል የለም። ግን አትጣያቸው። እንስሳቱ ሞተዋል፤ ከእነሱ የሚገኘውን መረጃ ሁሉ ሳናወጣ ሌላ እንስሳ መግደል ልክ አይመስለኝም። የሁሉንም ቡድን ጠርዝ በእኩል ስፋት አስነብቢ። የሚያነበው ፓቶሎጂስት የትኛው ስላይድ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። ሴረም (ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ) አስቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ ኤኤልቲና ኤኤስቲ አሠሪ፤ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ያ ደም በኩባያው ስህተት አልተነካም። ተክሉ ጉበቱን በደንብ ጎድቶት ከሆነ እዚያ ሊታይ ይችላል። ለአማካሪሽም የኮንትሮሉን ስላይድ ይዘሽ ሂጂ፤ በቃል ከማስረዳት ይሻላል።

አዲስ አይጥ ከመንካትሽ በፊት በበግ ጉበት ተለማመጂ። ቤት በግ ሲታረድ ወዲያው ቁራጭ ወስደሽ አዲሱ ፎርማሊን ውስጥ ክተቺ። አንዱን ቀጭን፣ ሌላውን ወፍራም አድርጊ። በማግስቱ ሁለቱንም መሃል ለመሃል ሰንጥቂያቸው። ፎርማሊን የደረሰበት ግራጫማ ቡናማና ጠንካራ ይሆናል። ያልደረሰበት ቀይና ለስላሳ ነው። ቀጭኑ ውስጥ ቀይ ካላየሽ ሥራሽን መጀመር ትችያለሽ።