ራም ላይ ኮምፓይል ማድረግ ያፈጥናል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰርና ኤስኤስዲ አለው። የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ኮምፓይል ሳደርግ፣ ማለትም ሶርስ ኮዱን ማሽኑ ወደሚያሠራው ፕሮግራም ስቀይር፣ በጣም ይቆይብኛል። ሶርስ ኮዱን ቲኤምፒኤፍኤስ በሚባለው፣ ራም ላይ ባለ የፋይል ማስቀመጫ ውስጥ ብታስቀምጠው ይፈጥናል ተባልኩ። እውነት ነው?»

ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አታይም። እንዲያውም በ8 ጊጋ ራም ሊብስብህ ይችላል።

ሊኑክስ አንዴ ያነበበውን ፋይል፣ ትርፍ ራም እስካለው ድረስ፣ እዚያው ያቆየዋል። ፔጅ ካሽ የሚባለው ይሄ ነው። አንድን ሄደር ፋይል (ሌሎች ፋይሎች የሚጋሩትን ኮድ) በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ቢጠሩትም ከዲስክ የሚነበበው አንዴ ነው። መጻፍም ላይ እንደዚያው። ኮምፓይለሩ ኦብጀክት ፋይል ሲያወጣ ዲስኩ እስኪጨርስ ቆሞ አይጠብቅም። ፋይሉ መጀመሪያ ራም ላይ ያርፋል፤ ወደ ዲስክ የሚወርደው ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ድሮም ራም ላይ ነበር ስትሠራ የከረምከው።

ጊዜህን የሚበላው ፕሮሰሰሩ ነው። ካላመንከኝ ኮምፓይሉን አስጀምርና በሌላ ተርሚናል ቪኤምስታት ብለህ ክፍት ቦታ ትተህ 1 ጻፍ። በየሰከንዱ አንድ መስመር ይወጣል። በስተቀኝ በኩል «ደብሊው ኤ» የምትለዋን ዓምድ እያት፤ ዲስክ በመጠበቅ የባከነውን የፕሮሰሰር ጊዜ በመቶኛ ትነግርሃለች። 0 እና 1 ላይ ከዋለች ዲስኩ ጥፋት የለበትም። 20ን ካለፈች ግን ዲስኩን ብትጠረጥር ያምርብሃል።

ቲኤምፒኤፍኤስ ካልወሰንክለት እስከ ራምህ ግማሽ ድረስ መውሰድ ይችላል። ያንተ 4 ጊጋ ማለት ነው። በቀረው ላይ አራት ኮምፓይለሮችና ብራውዘርህ ይጋፋሉ። ራሙ ሲጠብ ስዋፕ ይጀምራል፤ ማለትም ራም ላይ ያለው ከፊሉ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣል። ስዋፑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ዲስክ ላይ ነው። ከዲስክ ሸሽተህ ዲስክ ላይ ገባህ!

32 ጊጋ ራም ያለው ሰው ይሞክረው፤ በተለይ ዲስኩ አሮጌ፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ። ፕሮግራሞችን ራስህ ኮምፓይል የምታደርግበት የሊኑክስ ዓይነት የሆነው የጄንቱ ተጠቃሚዎች ይህን ዘዴ ይወዱታል፤ አንዱ ምክንያታቸው ኤስኤስዲው ላይ የሚጻፈውን ለመቀነስ ነው። ብቻ ሶርስ ኮድህን እዚያ አትተው። ማሽኑ ከጠፋ ሁሉም ድራሹ ይጠፋል።

ላንተ የሚያዋጣው ሌላ ነው። ኮምፓይሉን የሚመራውን ፕሮግራም፣ ሜክን፣ ዝም ብለህ ካስጀመርከው አንድ ኮር ብቻ ይሠራል፤ ሦስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። በ«ጄ» አማራጩ 4 ብለህ እዘዘው። ደጋግመህ የምትሠራ ከሆነ ሲካሽ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፤ ያልተቀየረውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል አያደርግም፣ ያስቀመጠውን ውጤት ያወጣልሃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥራውን መቀነስ ነው። የዲስትሮህ (የጫንከው የሊኑክስ ዓይነት) ኮንፊግ፣ ማለትም ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነው ፋይል፣ በዓለም ላይ ላለ ሃርድዌር ሁሉ ሞጁል (ሃርድዌሩን የሚያሠራ የከርነል ቁራጭ) ይሠራል። «ሎካልሞድኮንፊግ» የሚለው የሜክ ትዕዛዝ አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ያስቀራል። ከማዘዝህ በፊት ታዲያ ፍላሽህን፣ ፕሪንተርህን፣ የዩኤስቢ ዋይፋይህን ሁሉ ስካ። ያን ጊዜ ያልተሰካ ነገር በአዲሱ ከርነል ላይሠራልህ ይችላል።