አመሻሽ ላይ መስመር ጠብቃ፣ ጠዋት የምትስት ሮቦት መኪና

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በአንድ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በአርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) የምትመራ፣ በነጭ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ጥቁር ናስትሮን ተከትላ የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠርተዋል። ከሥሯ ሁለት ኤልዲአር የብርሃን ሴንሰሮች፣ በየጎናቸውም ነጭ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ተገጥሟል። እያንዳንዱ ኤልዲአር በአንድ ጫፉ ከ5 ቮልት፣ በሌላው ጫፉ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከግራውንድ (ከ0 ቮልት) ጋር ተያይዟል። አመሻሽ ላይ በአምፖል ብርሃን ነጩ 790፣ ጥቁሩ 570 ገደማ ስለሚነበብ መቁረጫ ነጥቡን (ጥቁሩን ከነጩ የምንለይበትን ቁጥር) 680 አድርገን በሚገባ ሄደችልን። ጠዋት በመስኮት አጠገብ ግን ነጩ 930፣ ጥቁሩ 880 ሆኖ መስመሩን ጥላ ትወጣለች። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ እንግዛ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ለጊዜው ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም። ጠዋት ጥቁሩም ነጩም ከ680 በላይ ስለሆኑ መኪናዋ ያለችበትን ሁሉ ነጭ አድርጋ ትቆጥራለች። 680 የዚያ ክፍል፣ የዚያ አምፖልና የዚያ ሰዓት ቁጥር እንጂ የሴንሰሩ ቋሚ ጠባይ አይደለም። የብርሃኑ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር መቁረጫ ነጥቡም እንደገና ተለክቶ መውጣት አለበት።

የላኩልን ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። ኤልዲአር ብርሃን ሲበዛበት ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠኑ) የሚቀንስ ዕቃ ሲሆን፣ አርዱዊኖው ደግሞ ኤልዲአሩና ሬዚስተሩ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይገልጸዋል። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ የኤልዲአሩ ሬዚስታንስ አመሻሽ ላይ በነጩ 3፣ በጥቁሩ 8 ኪሎ ኦም ገደማ ነበር፤ ጠዋት ግን ወደ 1 እና ወደ 1.6 ኪሎ ኦም ወርዷል። 10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ከእነዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ሁለቱም ንባቦች ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግተው በመካከላቸው የቀረው 50 ብቻ ነው። ልዩነቱ ሰፍቶ የሚታየው የሬዚስተሩ መጠን በነጩና በጥቁሩ ሬዚስታንስ መካከል ሲወድቅ ነው፤ በጠዋቱ ብርሃን በ1.2 ኪሎ ኦም ቢተኩት ንባቦቹ ወደ 560 እና ወደ 440 መጥተው ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሬዚስተር ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ሴንሰሩ የሚያየው የማንን ብርሃን እንደሆነ ነው። ሞተሮቹን አጥፍተው መኪናዋን በመስኮቱ አጠገብ በነጩ ካርቶን ላይ ያቁሟትና በሲሪያል ሞኒተሩ (ንባቡን በኮምፒውተር በሚያሳየው መስኮት) ላይ ቁጥሩን እያዩ ኤልኢዲውን ይንቀሉ። ቁጥሩ እምብዛም ካልወረደ ሴንሰሩ እየተመራ ያለው በእናንተ ኤልኢዲ ሳይሆን በመስኮቱ ብርሃን ነው ማለት ነው። ቀጥለው ኤልኢዲውን መልሰው መኪናዋን በሙሉ በካርቶን ሳጥን ይክደኑ፤ ቁጥሩ ብዙ ከወረደ ያው ነገር ተረጋገጠ። መፍትሔው ጥቁር ወረቀት በሴንሰሩና በኤልኢዲው ዙሪያ እንደ ቀሚስ ጠርዝ አድርጎ ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀረው ድረስ ማውረድ፣ በሁለቱ መካከልም ትንሽ ግርዶሽ ማቆም ነው፤ የኤልኢዲው ብርሃን ከካርቶኑ ተንጸባርቆ እንጂ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ መግባት የለበትም። የናስትሮው ማብረቅረቅም ቀላል አይደለም፤ ብርሃን በጎን ሲመጣ ጥቁሩን ነጭ ሊያስመስለው ስለሚችል የማያብረቀርቅ ጥቁር ወረቀት ቆርጦ መለጠፍን እመርጣለሁ።

ግርዶሹ ከተስተካከለ በኋላ መኪናዋ መቁረጫ ነጥቧን ራሷ እንድታወጣ ያድርጉ። ከአርዱዊኖ ሶፍትዌር ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች ካሊብሬሽን (ልኬት ማስተካከያ) የተባለው በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ያየውን ትንሹንና ትልቁን ንባብ ይመዘግባል። ተማሪዎቹ በእነዚህ ሰከንዶች መኪናዋ በመስመሩ ላይ ቀስ ብላ ግራና ቀኝ እንድትዞር ኮዱን ያሻሽሉት። የትንሹ መነሻ 1023፣ የትልቁ መነሻ 0 መሆን አለበት፤ ትንሹን ከ0 ካስጀመሩት ከዚያ የሚያንስ ንባብ ስለማይመጣ ሁልጊዜ 0 እንደሆነ ይቀራል። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ኤልዲአሮች በተመሳሳይ ብርሃን ብዙ ሊለያዩ ስለሚችሉ ምዝገባው ለየብቻ ይሁን፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ንባብ ከ0 እስከ 100 ወዳለው መለኪያ ይቀይሩት። ከ40 ሲያንስ ጥቁር፣ ከ60 ሲበልጥ ነጭ፣ በመካከሉ ሲሆን የቀድሞው ውሳኔ እንዲጸና ቢያደርጉ መኪናዋ በመስመሩ ጠርዝ ላይ አትንቀጠቀጥም። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 በታች ከሆነ መኪናዋ ጉዞ እንዳትጀምርና በቦርዱ ላይ ያለው ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም እንዲል ማድረግም እጅግ ይጠቅማል፤ ተማሪዎቹ የኮዱን ስሕተት ሲፈልጉ ከመዋል ይድናሉ።

ልኬቱ ሞተሮቹ እየዞሩ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ባትሪው በሞተሩ ጫና 5 ቮልቱን ዝቅ ቢያደርገው ኤልዲአሩና ንባቡ በአንድ ቮልቴጅ ስለሚመዘኑ ለውጡ እርስ በርሱ ይካካሳል፤ ኤልኢዲው ግን ይደበዝዛል፣ ንባቡም በዚያው ይወርዳል። ኤልዲአር ቀደም ሲል የነበረበትን ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ስለማይለቅም ከመሳቢያ አውጥተው ወዲያው ሳይለኩት በሥራ ቦታው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት።

ኤልዲአር ለብርሃን ለውጥ ምላሽ ለመስጠት በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ስለሚፈጅበት፣ ክበቡ ወደ ፊት ፈጣን መኪና መሥራት ከፈለገ ያን ጊዜ እንደ ቲሲአርቲ 5000 ያለ የኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ) ሴንሰር ቢገዙ አግባብ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ብዙ ኢንፍራሬድ ስላለው ግን ጥቁሩን ወረቀት ለእሱም ማልበስ ይኖርባችኋል።